የ500 ብሩ መጽሐፍ፦ ለማን ስንት ይደርሳል?

«መጽሐፍ ተወደደ» የማይል አንባቢ የለም። ተወዷልም። ገልብጦ ጀርባው ላይ ያለውን ዋጋ አይቶ፣ ቀስ ብሎ መደርደሪያው ላይ የሚመልስ ሰው በየመደብሩ አይጠፋም። ደራሲውን ብትጠይቁት ደግሞ «ኧረ እኔ ከስሬያለሁ» ይላችኋል። የሚገርመው ሁለቱም አይዋሹም። ገዢው ብዙ ከፍሎ ደራሲው እንዴት ይከስራል? ብሩስ የት ገባ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ማተሚያ ቤትና አሳታሚ አንድ አይደሉም። ማተሚያ ቤት ማለት በ1914 ዓ.ም. እንደተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ያለ፣ ማሽን ይዞ በክፍያ የሚያትም ድርጅት ነው። መጽሐፉ ተሸጠ አልተሸጠ አይመለከተውም፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ኮፒውን ያስረክባል። አሳታሚው ግን ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ቢሸጥ የሚያተርፈው፣ ባይሸጥ የሚከስረው ነው። በብዙ አገር ይህ ሥራ የኩባንያ ነው። ረቂቁን ይመርጣል፣ አርታኢ ይመድባል፣ ወጪውን ይችላል፣ ለደራሲው ከሽያጩ በመቶኛ ያስብለታል።

እኛም ዘንድ ለዚህ የሚቀርብ ነገር ነበር። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ተቀብሎ፣ አርትዖ፣ በራሱ ወጪ ያሳትም ነበር። ሳንሱሩ ግን አንቆ የያዘው ነበር። ምን እንደሚወጣና ምን እንደማይወጣ የሚወስነው መንግሥት ነው። ሳንሱርን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲወጣ ያ በር ተከፈተ። ያሻው ሰው ያሻውን ማሳተም ቻለ። በኔ ግምት በመጽሐፋችን ታሪክ እንደዚህ ያለ ትልቅ ለውጥ ጥቂት ነው። ወጪውን ማን ይቻለው ለሚለው ግን መልስ ይዞ አልመጣም። መልሱ በተግባር «ደራሲው ይቻለው» ሆነ።

አሳታሚዎች የሉም ማለት አይደለም፤ አሉ። ነገር ግን የሚፈልጉት ስሙ የታወቀ፣ ገበያው የማያጠራጥር ሰው ነው። አንዳንዴም የአንዱን እትም መብት በቁርጥ ዋጋ ይገዛሉ። አዲስ ደራሲ ከሆናችሁ ከቁጠባችሁ፣ ከእቁባችሁ ወይም ከዘመድ ብድር ታወጣላችሁ። ስፖንሰር ያገኘ ዕድለኛ ነው። ስለዚህ በአገራችን አብዛኛው ደራሲ አሳታሚም ነው። ቆይቶ እንደምናየው አበዳሪም ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከወረቀት ነውና።

320 ገጽ ያለው፣ ኤ5 የሚባለው የተለመደ መጠን ያለው ልብወለድ እንውሰድ። 320 ገጽ ማለት 160 ቅጠል ነው። ማተሚያ ቤት ወረቀቱን የሚያስገባው በቅጠል ሳይሆን በትልቅ አንሶላ ነው። አንዱ የተለመደ መጠን 61 በ86 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ አንሶላ 16 ቅጠል ይወጣል። በሁለቱም ፊት ስለሚታተም 32 ገጽ ሆነ። አንዳንድ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ምክንያቱ የማይገባን ባዶ ገጾች የሚኖሩት ለዚህ ነው። ጽሑፉ 309ኛው ገጽ ላይ ቢያልቅም አንሶላው እስከ 320 ይሄዳል። «ማስታወሻ» የሚል ርእስ ተሰጥቷቸው መስመር የሚሰመርባቸውም እነዚሁ ናቸው።

ለአንድ ኮፒ 10 አንሶላ አስፈለገ ማለት ነው። አንድ ሪም 500 አንሶላ ነው፤ 50 መጽሐፍ ይወጣዋል። 3 ሺህ ኮፒ ለማሳተም 60 ሪም ያስፈልጋል። ማሽኑ እስኪስተካከል የሚበላሸው አለ፤ ጥራዝ ላይ የሚበላሸውም አለ። ለዚህ ጥቂት ሪም ጨምሩበት። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 60 ግራም የሚመዝን ከሆነ የውስጡ ክብደት ብቻ 950 ኪሎ ግድም ይመጣል። አንድ ሰው በብቸኝነት የጻፈው ልብወለድ አንድ ቶን ሊሞላ ምንም ያልቀረው ወረቀት ይበላል።

ይህ ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ወንጂ የወረቀት ፋብሪካ አለ፤ ግን ወረቀት የሚሠራበት ፐልፕ ራሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ቀለሙም፣ ፕሌቱም፣ የሽፋኑ ካርቶንም፣ የማሽኑ መለዋወጫም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ስለ መጽሐፍ ዋጋ የሚያማርር ሰው ይህችን ቀን ቢያስታውስ ግማሹን መልስ ያገኛል። ያኔ ማተሚያ ቤቶች የሚሰጡት ፕሮፎርማ የሚጸናው ለጥቂት ቀን ብቻ ሆነ። ዛሬ የሰማኸውን ዋጋ ይዘህ ገንዘብ ፍለጋ ስትዞር ሰንብተህ ስትመለስ ሌላ ዋጋ ይጠብቅሃል።

ከወረቀቱ ሌላ ፕሌት አለ። ፕሌት የገጾቹ ምስል የሚወጣበት ስስ የብረት ሉህ ነው። 10 አንሶላ በሁለት ፊት ማለት 20 ፕሌት። ሽፋኑ ባለ ሙሉ ቀለም ስለሆነ 4 ይጨምራል። ማሽኑ ትንሽ ከሆነ ቁጥሩ ከዚህም ይበዛል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ 500 ኮፒ ብታሳትሙም 5 ሺህ ብታሳትሙም ፕሌቱ ያው ነው። ማሽን ማስተካከሉም ያው ነው። አርትዖቱም፣ ሌይአውቱም (የገጽ አቀማመጡ)፣ የሽፋኑ ሥዕልም እንደዚሁ።

የደራሲው ትልቁ ራስ ምታት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስንት ኮፒ ላሳትም?

የማተሚያ ቤት ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የሚከተለው ቁጥር ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ምሳሌ ነው። ፕሌቱና ማሽን ማስተካከሉ 90 ሺህ ብር ወሰደ እንበል። ከዚያ በኋላ ወረቀት፣ ቀለም፣ ማጠፊያና ጥራዝ በአንድ ኮፒ 170 ብር ይሁን። አንድ ሺህ ኮፒ ብታሳትሙ 260 ሺህ ብር ትከፍላላችሁ፤ አንዱ 260 ብር ወጣበት። 3 ሺህ ብታሳትሙ 600 ሺህ ብር፤ አንዱ 200 ብር። 5 ሺህ ብታሳትሙ 940 ሺህ ብር፤ አንዱ 188 ብር።

ከአንድ ሺህ ወደ 3 ሺህ ስንሄድ የአንዱ ዋጋ በ60 ብር ወረደ። ጥሩ ነው። ከ3 ወደ 5 ሺህ ስንሄድ ግን የቀነሰው 12 ብር ነው። ለዚህች 12 ብር ብላችሁ 340 ሺህ ብር ተጨማሪ ታስራላችሁ። ማተሚያ ቤት «አብዛው፣ ይረክስልሃል» ይላል። ይረክሳል፤ የማይሸጥ ኮፒ ግን 188ም ቢያወጣ 260 ያው ኪሳራ ነው። መጽሐፉን አልጋው ስር ደርድሮ ከእንግዳ የሚደብቅ ደራሲ ጥቂት አይደለም። የግጥም መድበል ያሳተመ ደግሞ ይህን በደንብ ያውቀዋል።

3 ሺህ ኮፒውን ይዘን እንቀጥል። አርትዖት፣ ሌይአውትና ሽፋን በድምሩ 60 ሺህ ብር ፈጀ እንበል። አጠቃላይ ወጪው 660 ሺህ ብር ሆነ። ጀርባው ላይ «500 ብር» ተጻፈ።

አሁን አከፋፋዩ ይመጣል። አከፋፋይ መጽሐፉን ከደራሲው ተረክቦ ለመደብሮች፣ ለአዟሪዎችና ለክልል ከተሞች የሚያዳርስ ነጋዴ ነው። ድርሻው ከሽፋኑ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። እንደ ደራሲው ስምና እንደ ድርድሩ ይለያያል። 35 በመቶ ብንወስድ 175 ብር ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል። «ቁጭ ብሎ አልጻፈ፣ ምን አድርጎ ነው?» ይላል። እኔ ግን ይህ ቁጣ ትንሽ የተሳሳተ ይመስለኛል። ከ175 ብሩ ላይ ለመደብሩ ይለቃል። መደብሩ የቤት ኪራይ አለበት፣ ለአዟሪውም የሚያካፍል አለ። ያቺን ሁሉ መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ ከለገሃር ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ካፌ ለካፌ የሚዞረው ልጅ ድርሻም የሚወጣው ከዚያው ነው። በነገራችን ላይ ማስታወቂያ በሌለበት ገበያ አዟሪው ማስታወቂያም ነው። የቱ መጽሐፍ እንደሚሄድ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከመቶኛው ይልቅ አከፋፈሉ ነው። አብዛኛው ርክክብ ተሽጦ የሚከፈል ነው። ደራሲው 2 ሺህ ኮፒ ያስረክባል፤ በእጁ የሚገባው የርክክብ ወረቀት ነው። መደብሩ ሲሸጥ ለአከፋፋዩ ይከፍላል፤ አከፋፋዩ ሲሰበሰብለት ለደራሲው ይከፍላል። በወር ሊሆን ይችላል፤ በስምንት ወርም ሊሆን ይችላል። ማተሚያ ቤቱ ግን ከሥራው በፊት ቢያንስ ግማሹን፣ ኮፒውን ሳያስወጣ ደግሞ ቀሪውን ተቀብሏል። ቅድም አበዳሪ ያልኩት ለዚህ ነው። መላው የመጽሐፍ ገበያ የሚንቀሳቀሰው ደራሲው ያለወለድ ባበደረው ገንዘብ ነው።

ሒሳቡን እንጨርስ። አከፋፋዩ ድርሻውን ወስዶ ለደራሲው በአንድ ኮፒ 325 ብር ይደርሰዋል። 660 ሺህ ብሩን ለመመለስ 2 ሺህ 31 ኮፒ መሸጥ አለበት። ስለዚህ 2 ሺህ ሰው የገዛው መጽሐፍ፣ በአገራችን ጥሩ ተነባቢ የሚባል መጽሐፍ፣ ደራሲውን 10 ሺህ ብር አክስሮታል። ሦስቱም ሺህ ቢያልቅ 315 ሺህ ብር ያተርፋል፤ ከእያንዳንዱ 500 ብር 105 ብር ደረሰው ማለት ነው። ግብሩን አልነካሁም። በነጻ የሚሄደውንም አልቆጠርኩም። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ገቢ የሚደረግ ኮፒ አለ። ለጋዜጠኛው፣ ለአርታኢው፣ ለመምህሩ፣ «ፈርምልኝ እንጂ» ለሚለው የአክስት ልጅም ይሰጣል። መቶ ኮፒ በቀላሉ ያልቃል። በመቶው 32 ሺህ 500 ብር ሄደ።

ይህ እንግዲህ መጽሐፉ ሲያልቅ ነው። ሁለት ዓመት የተጻፈ ከሆነ በወር ስንት እንደሚደርስ እናንተው አካፍሉት።

አልቆ ሁለተኛ እትም ሲታሰብ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ያ 325 ብር በጥቂት በጥቂቱ፣ በዓመት ውስጥ ነው የተሰበሰበው። ወረቀቱ ግን አልጠበቀም። መጀመሪያ 200 ብር የወጣበት ኮፒ አሁን 280 ቢሆን፣ 3 ሺህ ኮፒ 840 ሺህ ብር ይጠይቃል። እስከዚያ የተሰበሰበለት የ2 ሺህ ኮፒ ሽያጭ ብቻ ከሆነ በእጁ ያለው 650 ሺህ ብር ነው። ያን ጊዜ ያሳተመውን ያህል ደግሞ ማሳተም አልቻለም። ስለዚህ ዋጋውን ይጨምራል። በአሮጌው ዋጋ ላይ አዲስ ወረቀት የተለጠፈበት መጽሐፍ ስታዩ ነጋዴው አጭበረበረን አትበሉ። አንዳንዴ እንዲያ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተለጠፈው የወረቀት ዋጋ ነው።

የምረቃውን ነገር አሁን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። በወመዘክር አዳራሽ ወይም በብሔራዊ ቴአትር መጽሐፍ ሲመረቅ፣ ንግግሩ ረዝሞ ሰው ሲያዛጋ፣ በር ላይ ያለችው ጠረጴዛ ግን ሥራ ላይ ናት። እዚያ የሚሸጠው ኮፒ አከፋፋይ የለበትም። 500 ብሩ እንዳለ ለደራሲው ይገባል፤ ያውም በዕለቱ። 200 ኮፒ እዚያ ቢሸጥ 100 ሺህ ብር በአንድ ምሽት ገባ። በአከፋፋይ በኩል ይህን ያህል ለማግኘት 308 ኮፒ መሸጥ፣ ከዚያም ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። ደራሲን ለማገዝ ከልባችሁ የምታስቡ ከሆነ ከእጁ ግዙት። እሱን ያገኘ ሰው ደግሞ በነጻ ይጠይቀዋል፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

በውጭ ያለውም አንባቢ የዚህ ሒሳብ አካል ነው። በብዙ የአማርኛ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ሁለት ዋጋ አለ፤ በብርና በዶላር። የዶላሩ ሲመነዘር ከብሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ወገን «ምነው ጨከናችሁብን?» ቢል አይፈረድበትም። ግን መጽሐፉ ይመዝናል። ይኸው 320 ገጽ ከነሽፋኑ 350 ግራም ቢሆን በ23 ኪሎ ሻንጣ የሚገባው 65 ኮፒ ነው። በጭነት ሲላክ ደግሞ ክፍያው ራሱ ከመጽሐፉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ዘመድ ሲሄድ ሻንጣው ላይ ቦታ የሚለመነው ለበርበሬና ለሽሮ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ጎን ፒዲኤፍ አለ። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ አንዱ በስልኩ እያነሳ ገጽ በገጽ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ሕጉ ግልጽ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ቻናሉን የሚከፍተው ሰው ግን ስሙ አይታወቅም፣ ቢዘጋ ነገ በሌላ ስም ይከፍታል። «ያነበቡት ሁሉ ሊገዙት አልነበረም» የሚል ክርክር አለ። ልክ ነው፤ ከመቶው አንባቢ ዘጠናው አይገዙም ይሆናል። በእኛ ምሳሌ ግን ትርፍና ኪሳራውን የለየው 31 ኮፒ ነው።

የትርጉም መጻሕፍት ለምን በዙ የሚል ጥያቄም እዚሁ ይመለሳል። ኢትዮጵያ አገሮች አንዳቸው የሌላውን ደራሲ መብት እንዲጠብቁ ከሚያስገድደው ከበርን ስምምነት ለረጅም ዘመን ውጭ ቆይታለች። የውጭ ደራሲ ሥራ እዚህ የሚያገኘው ጥበቃ ጠባብ ስለነበር፣ ለመብቱ ምንም ሳይከፈል ሲተረጎም ኖሯል። አሳታሚው ለተርጓሚው ብቻ ከፍሎ፣ ዓለም የሚያውቀውን ርእስ ይዞ ይወጣል። ገበያው አስቀድሞ ስለተፈተነ ስጋቱ ትንሽ ነው። ስለ ስኬትና ስለ ሀብት የሚያወሩ ትርጉሞች የአዟሪውን ክንድ ያጣበቡት አንዱ በዚህ ነው። ስሙ ያልታወቀ የአማርኛ ልብወለድ ከዚህ ጋር እኩል ይወዳደራል ማለት ይከብዳል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሽፋን ላይ «አምስተኛ እትም» የሚል ስታዩ በጣም የተሸጠ ይመስላችኋል። ሊሆን ይችላል። ግን አምስት ጊዜ 500 ኮፒ ያሳተመ 2 ሺህ 500 ኮፒ ነው ያለው። አንዴ 5 ሺህ ያሳተመ ሰው መጽሐፍ ላይ ደግሞ «የመጀመሪያ እትም» ይላል። ድሮ ከሞስኮ በአማርኛ እየታተሙ የሚመጡ መጻሕፍት ነበሩ። በሶቪየት ልማድ የታተመው ኮፒ ብዛት መጽሐፉ ላይ ይጻፍ ነበር። እኛ ዘንድ ይህ አልተለመደም።

ለአንባቢ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ እትሙን በቁርጥ ለሸጠ ደራሲ ግን ትንሽ አይደለም። መብቱን የገዛው አሳታሚ ለ3 ሺህ ኮፒ ከፍሎ 5 ሺህ ቢያሳትም ደራሲው በምን ያውቃል? ፋይሉ በገዢው እጅ ነው፤ ማተሚያ ቤቱም የሚያውቀው የከፈለውን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኅትመት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ብዙዎች ግን በቃል ተስማምተው ይጨባበጣሉ። አዲስ ደራሲ ከሆናችሁ ውሉ ላይ ቢያንስ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ኮፒ እንደሚታተም፣ መብቱ ለስንት እትም እንደተሰጠ፣ ከማተሚያ ቤቱ የወጣው የርክክብ ሰነድ ቅጂ ለእናንተም እንደሚደርስ። ፋይሉን ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት አትስጡ።